ከንቅሳቱ ሥር የደማው ድድ

ልጅ ሳለን በፎገራ ሜዳ የሴት ልጅ ጥርስ ብቻውን አይወደስም ነበር። ድዷ ጠቆር ካላለ ጥርሷ አይደምቅም ይባላል። ስለዚህ ለትዳር የደረሰች ልጃገረድ ጥምቀት ሳይደርስ ድዷን ትነቀሳለች። ነገሩ ለውበት ብቻም አልነበረም። ድዷ የሚያብጥባት፣ ስትፋቅ ደም የሚያስቸግራት ሴትም "ተነቀሺ" ትባላለች። መጥፎው ደም ይወጣል፣ ድዱም ይጠነክራል የሚል እምነት ነበር።

የእናቴ ታናሽ እህት ስትነቀስ ኩራዝ ይዤ ያበራሁት እኔ ነኝ። እታለም ነው የምንላት። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ሩዝ የሚባለው እንግዳ እህል ወደ ሜዳችን ገና መግባቱ ነበር። ነቃሿ ከወረታ ወዲያ የመጡ ባልቴት ናቸው። ሦስት የስፌት መርፌ በክር ጠፍረው አሰሩ። ከኩራዝ ላይ የተሰበሰበውን ጥላሸት በሸክላ ስባሪ ላይ አድርገው በቅጠል ጭማቂ ለወሱት። እታለም ጭንቅላቷን እናቴ ጭን ላይ ጣል አድርጋ ተንጋለለች።

"አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን ሰብስቢ፤ ልጅ አትሁኚ" አሏት።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የመርፌው ጠቅ ጠቅ ብቻ ሆነ። እታለም አላለቀሰችም፤ የእናቴን ቀሚስ ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ እግሯን ታወራጫለች። ደሙ ከጥላሸቱ ጋር ተቀላቅሎ በአገጯ ሲወርድ ባልቴቲቱ በጨርቅ ይጠርጉና እንደገና ይቀጥላሉ። "አየሽ? ይኼ ነው ሲያሰቃይሽ የነበረው ደም" አሉ ጨርቁን እያሳዩ። የእሷ እንዳለቀ ያው መርፌ ውሃ ነካ ተደርጎ ለጎረቤታችን ልጅ ዋለ። የጉበት ቫይረስ በመርፌ ይተላለፋል ብሎ የሚያስብ በዚያ ቤት ማንም አልነበረም።

እታለም ለቀናት በርበሬ የነካው ነገር ማላመጥ አቅቷት በወተት ሰነበተች። የፎገራ ላም ደግሞ ለወተት አይታማም። እብጠቱ ሲጎድል ድዷ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ጥርሷ ፍክት አለ። በዚያው ዓመት ተዳረች።

ድድን መውጋት ለልጃገረዶች ብቻ የተተወ ነገርም አልነበረም። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው "ግግ ነው" ይባላል፤ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ በሹል ነገር ከድዱ ተፍቆ ይወጣል። የሕፃኑ በሽታ ምክንያት ሌላ ነው፤ የሚወጋው ግን ድዱ ነው። ይህ ልማድ እንጥል ከማስቆረጥ ጋር ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ተብሎ ከተፈረጀ ቆይቷል። እኔ ግን ድዳቸው ተፍቆ ደም እየዋጡ የሚያለቅሱ ሕፃናትን አይቻለሁ።

እንግዲህ በአገራችን የድድ ደም የሚተረጎመው እንዲህ ነበር፤ የታመቀ ነገር ነውና ይውጣ፣ ይፍሰስ። ሌላው ትርጓሜ ደግሞ ቤት ለቤት የሚነገረው ነው፤ "ደማብኝ፣ ስለዚህ መፋቅ ተውኩ።" ሁለቱም ድዱን አባሱት እንጂ አልጠቀሙትም። ይህን ለመረዳት ግን ብዙ ዓመት ወስዶብኛል፤ አስተማሪዎቼም ከአንድ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያዋ አስተማሪዬ አያቴ ናቸው። በስተርጅና ቆብ ደፍተው እማሆይ ከተባሉ በኋላ ከጣራ ገዳም ግርጌ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አዲስ ዘመን ከመድረስዎ በፊትም ሆነ ካለፉ በኋላ ቀና ብለው ቢያዩ ያ ደን ከተራቆተው ተራራ መካከል ጎልቶ ይታያል፤ ጽዱና ወይራው የቀረው ገዳም ስለሆነ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ስንቅ ይዤላቸው እሄዳለሁ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ከቀመሱ በኋላ ግን ደጃፋቸው ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ብለው መፋቂያቸውን ያወጣሉ።

መፋቂያው ወይራ ወይም ልምጭ ነው፤ ከገዳሙ ሳይሆን ከአዲስ ዘመን ገበያ የተገዛ። "የገዳም ዛፍ ለጥርስ ተብሎ አይቀነጠስም" ይላሉ። ጫፉን ለብዙ ጊዜ ያኝኩታል፤ እንጨቱ ክር ክር ብሎ እስኪለሰልስ ድረስ ጥርስ አያስነኩትም። ከዚያ ከኋለኛው መንጋጋ ይጀምራሉ። ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ላይ ቀስ እያሉ፣ ጫፉን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ይሄዳሉ። ከታች የፊት ጥርሶቻቸው ጀርባ ሲደርሱ አፋቸውን በደንብ ይከፍታሉ። አንድ ቀን "እማሆይ፣ ሰው ሁሉ ጠዋት ይፋቃል፤ እርስዎ ለምን ወደ ማታ?" አልኳቸው።

"ጠዋትማ ቅዳሴ አለ። አፌ ውስጥ ምን ከትቼ ልቁም? የበላሁትን ይዤ ከምተኛ አጽድቼው ብተኛ አይሻልም?" አሉኝ።

እማሆይ ከዚህ ዓለም እስኪለዩ ድረስ ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር።

ሁለተኛው አስተማሪ አስፈሪ ነው። 1997 ዓ.ም. ላይ እኔ አዲስ ዘመን መምህር ነበርኩ። በሊቦ ከምከም ገጠር ሰው በትኩሳት ይወድቅ ጀመር። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ግን አልሠራም። ወደ ሁመራና መተማ ለአጨዳ ወርደው ከተመለሱት ጎረቤቶቼ አንዱን፣ ሃያ ዓመት ያልሞላውን ልጅ፣ ትኩሳቱ አልለቅ አለው። ሰውነቱ መንምኖ ሆዱ በግራ በኩል ተነፋ። አፍንጫው ይነስረዋል፤ ጠዋት ሲነሳ ድዱ ደም ቋጥሮ ያድራል። እናቱ ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች የድዱን ደም ሲያዩ ነቃሽ ይምጣ አሉ።

ነቃሽ ሳትመጣ በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ነው፤ ጣፊያና ጉበት ያሳብጣል፣ የደም ሕዋሳትን ያመናምናል። ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ሲያንሱ አፍንጫና ድድ በቀላሉ ይደማሉ። እንዲህ ባለው ሰው ድድ ላይ መርፌ መስደድ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈቱ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው ታከመ። ልጁም ለ30 ቀን በየቀኑ እየተወጋ ዳነ። የድድ ደም ሁልጊዜ ከአፍ ብቻ እንደማይመነጭ ያየሁት ያኔ ነው። ከትኩሳት፣ ከነስር፣ ከክሳት ጋር የመጣ ደም የአፍ ጉዳይ አይደለም፤ በአፋጣኝ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። አብዛኛው የድድ ደም ግን እንዲህ ካለ ትልቅ በሽታ አይመጣም። መነሻው እዚያው አፍ ውስጥ ነው፤ ይህን ያሳየችኝ ደግሞ እታለም ናት።

እታለም ልጆቿን አድርሳ፣ ሩዝና ሽንኩርት ነግዳ፣ ወረታ ላይ ቤት ሠርታ ነበር። ጥርሷን አንድም ቀን ትል በልቶት አያውቅም። በዚህም ትኩራራለች። መፋቂያ ከአፏ አይለይም፤ ገበያ ስትሄድ እየፋቀች ነው የምትሄደው። ስመለከታት ግን የምትፋቀው ሲስቁ የሚታየውን ብቻ ነው። ሲደማባት ደግሞ "ድዴን ላሳርፈው" ብላ ለሳምንት ትተወዋለች። ትንፋሿ ተለወጠ፣ ጥርሶቿ ረዘሙ። በእርግጥ ጥርስ አይረዝምም፤ ድዱ ነው የሸሸው። ቀጥሎ የታችኞቹ የፊት ጥርሶቿ መነቃነቅ ጀመሩ። አንድ ቦታ ወሰድናት፤ ሁለት ጥርስ ነቅለው ምንም ሳይነግሩ ሸኟት። ሦስተኛው ሲነቃነቅ ጎንደር ይዣት ሄድኩ።

ወጣት ሐኪም ነው ያገኘነው። ወንበሩ ላይ አስተኝቶ ከንፈሯን ገለጥ ሲያደርግ ንቅሳቱን አየ።

"እማማ፣ መቼ ነው የተነቀሱት?"

"ኧረ ድሮ፣ ልጅ ሆኜ። ይኼ ልጅ ነው መብራት የያዘው" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

ሐኪሙ ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ፣ ጤነኛ ድድ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው መቅላቱ እንደሆነ ነገረኝ። የእሷ ድድ ጥቁር ስለሆነ መቅላቱን ለዓመታት ማንም ሊያየው አልቻለም፤ እሷም በመስታወት ብታይ አታገኘውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት እንዲህ በቁሙ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም። ንቅሳቱ ድዱን አላጠነከረውም፤ ምልክቱን ሸፈነባት እንጂ።

ከዚያ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን መመርመሪያ በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ እያደረገ ያስገባ ጀመር። ነርሷ ትጽፋለች፤ እሱ ቁጥር ይጠራል፤ "አራት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ስድስት።" በጤነኛ ድድ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል ማለት ነው፤ ኪሱ ውስጥ መፋቂያም ብሩሽም አይደርስም።

ትንሽ መስታወት ከጥርሶቿ ጀርባ አስገብቶ ሌላ መስታወት አስያዛት።

"ይኼን ያውቁታል?"

"ጥርሴ ነዋ!"

"ጥርስዎ አይደለም። ጠጠር ነው።"

ከታች የፊት ጥርሶቿ ጀርባ ቡናማ ቢጫ ቅርፊት ተጋግሮ ነበር። ያ ቦታ ምራቅ የሚመነጭባቸው ቀዳዳዎች የሚከፈቱበት ስለሆነ ጠጠር ከሁሉ በላይ እዚያ ይበዛል። ሐኪሙ በመሣሪያው ሲፍቀው የሩዝ ፍሬ የሚያህል ስባሪ ብረት ሳህኑ ላይ ቃጭ ብሎ ወደቀ። እታለም ብድግ ብላ አየችው። "ይኼን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ተሸክሜ ነው የምዞረው?" አለች።

የጠጠሩ ታሪክ የሚጀምረው በዓይን ከማይታይ ነገር ነው። ጥርስ በጸዳ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያ ያለበት ስስ ዝልግልግ ሽፋን ይለብሳል። ከጥርሱ ላይ በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ነጭ ሆኖ የሚወጣው እሱ ነው። አንቶኒ ፋን ሊዩዌንሁክ የሚባል የሆላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1683 ይህንኑ ነጭ ነገር ከገዛ ጥርሱ ፍቆ በአጉሊ መነጽር ቢያየው ሕያው ፍጥረታት ሲርመሰመሱበት አገኘ። ሽፋኑ በየቀኑ ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን እያጠነከረው ጠጠር ይሆናል። ጠጠር ከሆነ በኋላ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። ድዱ ባክቴሪያውን ለመከላከል ደም ሥሮቹን ያሰፋል፤ ስለዚህ ያብጣል፣ ሲነኩትም ይደማል። ደሙ የሚወጣው መፋቂያው ስለወጋው ሳይሆን ድዱ ቀድሞ ስለታመመ ነው።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ስለ ድድ ተመራማሪው ሃራልድ ሎ ነገረን። ሎ እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎችን ጥርስ ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 ቀን ጀምሮ፣ ቢዘገይ በሦስት ሳምንት፣ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ተመለሰ። ማሳረፍ በሽታ ያመጣል፤ ማጽዳት ያድናል። እታለም ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው የዚህን ተቃራኒ ነው።

እስከዚህ ያለው፣ የድድ መቆጣት ብቻ የሆነው ደረጃ ሙሉ በሙሉ የሚድን ነው። ከከረመ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሟሽሻል። ሐኪሙ ይህን ሲነግራት እታለም ነገሩን በአገሯ ቋንቋ መለሰችለት፤ "የርብ ወንዝ ዳሩን እየናደ የሾላውን ሥር እንደሚያወጣው ማለት ነው?" ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አይቻልም። የሄደው አጥንት በራሱ አይመለስም። ሲሄድም አያምም። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት አያስተኛምና ሰው ወደ ሐኪም ይሮጣል፤ የድድ በሽታ ግን ጥርስ እስኪነቃነቅ ድረስ ዝም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በከባድ የድድ በሽታ የተያዘው ሰው ከ1 ቢሊዮን በላይ ነው የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁሉም ሰው ግን እኩል አይጎዳም። ያው ሎ ከባልደረቦቹ ጋር የጥርስ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ 480 የስሪላንካ የሻይ እርሻ ሠራተኞችን ለ15 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1986 ውጤቱን አሳትሟል። 8 በመቶ የሚሆኑት ጥርሳቸውን በፍጥነት አጡ፤ 81 በመቶው ቀስ እያለ ተጎዱ፤ 11 በመቶው ከድድ መቆጣት አላለፉም። ልዩነቱን ከሚያመጡት አንዱ ሌላ በሽታ ነው። ሐኪሙ እታለምን "ውሃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ?" ብሎ የጠየቀው ለዚህ ነበር። ሁለቱም ነበራት። ደሟ ሲመረመር ስኳር ተገኘባት። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ በቶሎ ይጎዳል፤ የተመረዘ ድድም በበኩሉ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። እታለም የስኳር በሽታዋን ያወቀችው በድዷ በኩል ነው።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጉዳይ ደግሞ ይለያል፤ ትምባሆ የድድ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ በሽታው እየገፋ ደሙ ይቀንሳል፤ ሰውየውም ዳንኩ ይላል። ነፍሰ ጡር ሴት ድዷ ቢደማ የእርግዝናው ሆርሞን ስላባሰው ነው፤ እሷም ማጽዳቱን ማቋረጥ የለባትም።

የእታለም ጠጠር በተደጋጋሚ ቀጠሮ ተነሳ። መትረፍ የማይችሉ ጥርሶች ተነቀሉ፤ ሌሎቹ ረጉ። እታለም የስኳር ክኒኗን ጀመረች። ብሩሽ ቢገዛላትም መፋቂያዋን አልተወችም፤ ሐኪሙም ተዪ አላላትም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1987 መፋቂያ ልማዱ ባለበት አገር እንዲበረታታ መክሯል። ችግሩ እንጨቱ አይደለም፤ አያያዙ ነው። ወረታ ቤቷ ቁጭ ብለን እማሆይ የሚያደርጉትን እንዳየሁት አሳየኋት፤ ጫፉን አኝኮ ማለስለስ፣ ከኋላ መጀመር፣ ውስጡን አለመርሳት፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበትን መስመር በቀስታ መከተል። በከሰልና በአመድ መፈተግ ጥርሱን ይልጠዋል፤ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ያስታግሳል እንጂ ጠጠር አያነሳም። በጥርሶች መካከል ያለውን ደግሞ የጥርስ ክር ወይም ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ብሩሽ ያወጣዋል፤ ስንጥርን ድድ ውስጥ መሰካት ግን ያቆስላል። ጠጠር ቶሎ የሚይዘው ሰው በየስድስት ወሩ፣ ሌላውም ቢያንስ በዓመት አንዴ ጥርሱን ቢያሳጥብ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አንድ ነገር አከራክሮን ነበር። "ጠዋት ጾም ላይ እንዴት አድርጌ? ውሃው ወደ ጉሮሮዬ ቢገባስ?" አለች። በጾምና በቁርባን ጠዋት አፉን ውሃ የማያስነካ ምእመን ብዙ ነው። መልሱ የእማሆይ ነው፤ ማታ ከበሉ በኋላ፣ ከመተኛት በፊት። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው የሚበረታው ያኔ ነው። በቀን ሁለቴ ቢሆን መልካም፤ አንዱ ብቻ ከተቻለ ግን የማታው ይሁን።

መጀመሪያ ሰሞን ስትፋቅ ደማባት፤ አላቆመችም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ተወ። ዛሬ የልጅ ልጆቿ ድድ ቀይ ቢሆን ወዲያው ታያለች፤ አንዳቸውም አልተነቀሱምና።

በፎገራም ሆነ በሊቦ ከምከም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ አጎበር፣ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤ ለውጡንም አይቻለሁ። ከዚያው ጋር የእናቲቱን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ማየት፣ ስኳር ያለበትን ሰው ስለ ድዱ መጠየቅ፣ መፋቂያን እንዴት እንደሚይዙት ማሳየት በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ይህን ለሚያነብ ሰውም የምለው አጭር ነው። ድድዎ ከደማ ማጽዳቱን ይጨምሩ እንጂ አይቀንሱ። ሁለት ሳምንት በደንብ አጽድተው ካልተወ፣ ወይም መግል፣ መጥፎ ጠረን፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነቃሽ ዘንድ ግን አይሂዱ።